የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኤችአይቪ እና የአጥቢያው ወጣት

ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም እንዲሁም ከባሕር ዳር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊጠቁም የሚችለውንም ሁሉ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ በቢቸና አካባቢ በምትገኝ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት ሥራ አመራር አባላት ነን። በየዓመቱ ኅዳር 22 ቀን፣ ኅዳር ጽዮን በዋለ ማግስት፣ ከጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ ተጋብዞ ስለ ኤችአይቪ ንግግር ያደርጋል፤ እኛም ድራማ እናሳያለን፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ኅዳር ድረስ ጉዳዩን የሚያነሣው የለም። ዘንድሮ ቋሚ ሥራ እንጀምር ብለን ስንመካከር ግማሾቻችን «ይህ በሽታ እኮ አልፏል» አሉ፤ አንዳንድ አባቶችም «የዚህ ወሬ መጨረሻው ኮንዶም ነው» በማለት ስጋታቸውን ገለጹልን። ዓለም አቀፍ ዘመቻ በሚባለው ነገር ውስጥ እንደ እኛ ያለ የወረዳ ከተማ ወጣት በእርግጥ ድርሻ አለው?

መልስ፦ «አልፏል» ከሚለው እንነሣ፤ ይህን ያሉት አባሎቻችሁ ነገሩን ከመሬት አላነሡትምና። በ1990ዎቹ የዕድር ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ወዲያው በሌላው ደጅ ይተከል እንደነበር ከታላላቆቹ የሰማ ወጣት፣ ዛሬ እንዲያ ያለውን ነገር ሲያጣ በሽታው የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የቀነሰው ግን ሞቱ ነው። በአገራችን ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን በጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው እንደማንኛውም ሰው ሠርቶ፣ ወልዶና አርጅቶ መኖር ችሏል። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ 40.8 ሚሊዮን ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ተይዘዋል፤ 630 ሺህ ሰዎችም ከኤድስ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው ያለው 0.9 በመቶ መሆኑን ሲያሳይ፣ ይኸው ቁጥር በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር ግን 0.4 በመቶ ነበር።

የጎጃም ወጣት የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል እየተመላለሰ ነው። በቀበሌው ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ የገጠር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ወረዳ ከተማ ይገባል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ለገበያ የመጡ ወላጆቹ ስንቁን አድርሰውለት ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ «የት አመሸህ» የሚለው ታላቅ ሰው ከጎኑ የለም። ሰሊጥ ሲደርስ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለቀን ሥራ የሚወርደው ጎልማሳ፣ በደጀንና በቡሬ ዓይነት መንገድ ዳር ከተሞች በምግብ ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅ፣ ቅኔ ፍለጋ ከወላጆቹ ርቆ ከጉባኤ ጉባኤ የሚዞረው የአብነት ተማሪ፣ ሁሉም የአንዱ አጥቢያ ልጆች ናቸው፤ እሑድ እሑድም በዝማሬው መካከል ታገኟቸዋላችሁ። አልፏል ለማለት በመጀመሪያ ከእነዚህ ዘንድ ማለፉን ማረጋገጥ ይገባል።

ስለ ድራማው አንድ ነገር እንድንናገር ፍቀዱልን። የእናንተን ባናየውም በየአዳራሹ ያየናቸው አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልጁ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ መጠጥ ይለምዳል፣ ሴት ይከተላል፣ ከስቶና ጠቁሮ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ በመጨረሻም በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ በቃሬዛ ይወጣል፤ እናቱ ደረቷን ትደቃለች፤ መጋረጃው ይዘጋል። ይህ ሲታይ ከእናቷ ማኅፀን ጀምሮ ቫይረሱ በደሟ ያለ፣ ክኒኗን ማልዳ ውጣ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ኃጢአት ያልሠራችበትን ነገር የኃጢአት ደመወዝ ተብሎ ሲተወን፣ በቃሬዛው ላይም የራሷን ሬሳ ሲያሳዩአት ታመሻለች። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ወደ ጤና ጣቢያው በር ስትቀርብ ከተዋንያኑ አንዱን ካየች መንገዷን ትቀይራለች፤ ከብዶባት ከቀረች ደግሞ መድኃኒቷን ታቋርጣለች። ማስፈራራት መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የተለመደ ስልት ነበር፤ ያን ጊዜም ቢሆን ጥቅሙ አጠራጣሪ ነበር፤ ዛሬ ግን በግልጽ ሰውን ከምርመራና ከሕክምና ያርቃል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከምእመን ወጣት ዛሬ የሚጠበቀው ዋና ሥራ ከማስጠንቀቅ ይልቅ አብሮ መዝለቅ ነው። ዘንድሮ ድራማ የምታዘጋጁ ከሆነ መድኃኒቱን እየወሰደ የሚማር፣ የሚያገባ፣ ልጁን ክርስትና የሚያስነሣ ሰው አሳዩ።

የአባቶች ስጋት በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ መፍትሔው ግን ሥራን መከፋፈል እንጂ ክርክር አይመስለንም። ቤተ ክርስቲያን ከጋብቻ በፊት መታቀብን፣ በጋብቻ ውስጥም መተማመንን ታስተምራለች፤ ይህ ትምህርት በሽታውን ለመከላከልም የሚጠቅም ስለሆነ ከጤና ጣቢያ የሚመጣ ባለሙያ ተዉት አይላችሁም። ስለ ኮንዶም የሚጠይቅ ሰው ቢኖር መልሱን ከባለሙያው እንዲያገኝ መምራት ይበቃል። በአንድ ነገር ላይ ግን ጽኑ፤ በጉባኤያችሁ «ኮንዶም አይከላከልም» እንደሚለው ያለ ሐሰት አይነገር፤ «ታማኝ የሆነ ሰው አይያዝም» የሚለውም እንዲሁ፤ ባሏ በሌላ የሚሄድባት ሚስት ራሷ ታማኝ ሆና ሳለ ልትያዝ ትችላለችና። በኡጋንዳ የአንግሊካን ካህን የሆኑት ካኖን ጌዲዮን ብያሙጊሻ እ.ኤ.አ. በ1992 ቫይረሱ በደማቸው መኖሩን በይፋ ተናግረው በአፍሪካ ይህን ያደረጉ የመጀመሪያው የሃይማኖት መሪ ሲሆኑ፣ በኋላም ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ የሃይማኖት አባቶች ኅብረት እንዲመሠረት ምክንያት ሆነዋል። አንድ ካህን እንዲህ ብሎ በምእመናኑ ፊት ሊቆም የቻለበት አህጉር ላይ ሆነን በሽታውን የሌሎች ብቻ አድርጎ መስበክ አያዋጣም።

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያ ምሥጢር መጠበቅን ተማሩ። ማን ቫይረሱ እንዳለበት የሚገልጽ ዝርዝር አትያዙ፤ አትጠይቁ፤ የነገራችሁ ሰው ቢኖር ለሥራ አመራሩ እንኳ አታቅርቡ። በወረዳ ከተማ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ አንድ ጊዜ ምሥጢር ካፈሰሳችሁ ደግሞ ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ተከራይተው ለሚማሩት ልጆች ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት መድቡላቸው፤ ቅዳሜ ማታ ቤታቸው ድረስ ሄዶ እንዴት ሰነበታችሁ የሚል ሰው ማለታችን ነው። እነዚህ ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ሁለት ነገር አለ። በአገራችን የምርመራ መመሪያ መሠረት 15 ዓመት የሞላው ሰው የወላጅ ፈቃድ ሳያስፈልገው ራሱ ፈቅዶ መመርመር ይችላል። ተገድዳ የተደፈረች ልጅ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ቫይረሱ እንዳይዛት የሚከላከል፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ይሰጣታል፤ በማግስቱ ከመድረስ ወዲያውኑ መድረስ ይሻላል። ብዙዎቹ ልጆች ይህን ሳያውቁ እፍረቱ ሰዓቱን ይበላባቸዋል፤ የምታምናት አንዲት ታላቅ እኅት ካለቻት ግን ሌሊትም ቢሆን በሯን ታንኳኳለች።

ሦስተኛው ከእርሻው ወቅት ጋር የተያያዘ ነው። ወጣቶች ለሰሊጥ ሥራ ከመውረዳቸው በፊት የሽኝት ጸሎት ማድረግ በብዙ ቦታ የተለመደ ባይሆንም ሊጀመር ይችላል፤ በዚያውም ምርመራ እንዲያደርጉ፣ መድኃኒት የሚወስዱት ደግሞ ከጤና ጣቢያቸው የዝውውር ወረቀት ወይም የብዙ ወር መድኃኒት እንዲይዙ ማሳሰብ ይቻላል። በሕክምናው ላይ የተረጋጋ ሰው ለ3 ወይም ለ6 ወር የሚበቃውን በአንድ ጊዜ የሚወስድበት አሠራር አለ፤ መንገድ በሚዘጋበትና ትራንስፖርት በሚቋረጥበት በአሁኑ ጊዜ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ሕይወት ያድናል። «መድኃኒት የምትወስዱ እጃችሁን አውጡ» አትበሉ፤ ለሁሉም በጅምላ ከተነገረ የሚመለከተው ይሰማል።

ዓለም አቀፍ ስላላችሁት፣ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ አገሮች የተስማሙበት ግብ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ኤድስ የሕዝብ ጤና ስጋት እንዳይሆን ማድረግ ነው። ለዚህም ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት 95 በመቶው ራሳቸውን እንዲያውቁ፣ ካወቁት 95 በመቶው መድኃኒት እንዲወስዱ፣ ከሚወስዱት 95 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዲዳከም የሚል መለኪያ ተቀምጧል። ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመሠረት ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ወጣቶችን በዚህ ጉዳይ ያሠለጥናል፤ በልማትና ተራድኦ ኮሚሽኗ በኩልም ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ለብዙ ዓመታት ካህናትን ስታሠለጥን ኖራለች። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ርዳታዋን በድንገት ስታቆም በአገራችን ደመወዛቸው ከዚያ ይከፈል የነበረ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ከእነዚህ መካከል ከቀጠሮ ለቀረ ሰው ስልክ የሚደውሉ፣ አዲስ ለተመረመረ ሰው የሚያጽናኑ ነበሩበት። የባለሙያውን ሥራ እናንተ አትተኩም፤ አትሞክሩትም። ብቻውን ወደ ክሊኒክ መሄድ የከበደውን ጓደኛ «አብሬህ ልሂድ» ማለት ግን ደመወዝ አያስፈልገውም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው 95 የሚሞላውም በእንዲህ ያለው ነው። እንግዲህ ድርሻ አላችሁ ወይ ላላችሁት፣ ያለ እናንተ የማይሞላ ድርሻ አለ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 20 ነው፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከልደቴ ጀምሮ ቫይረሱ በደሜ አለ፤ ያሳደገችኝ አያቴ ናት። መዘምር ነኝ፤ ይህን ግን ከመዘምራኑ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ምርመራ «ቫይረሱ አልታየም» ተባልኩ። አክስቴ ይህን ስትሰማ «እግዚአብሔር ምሮሃል፤ አሁን መድኃኒቱን ተውና ግሽ ዓባይ ወርደህ ጸበል ተጠመቅ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም» አለችኝ። እኔም መቁረብ እፈልጋለሁ፤ ክኒኑ ግን የጾም ሰዓቴን ያበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ «አልታየም» የተባለው መልካም ዜና ስለሆነ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ፤ ትርጉሙን ግን አክስትህ እንደተረዱት አይደለም። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ስለሚያደርገው በደምህ ውስጥ ያለው መጠን ምርመራው ሊያየው ከማይችልበት ደረጃ ላይ ወርዷል፤ ቫይረሱ ግን በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይነሣል። ከዚህም የሚብሰው፣ እየተቋረጠ የሚወሰድ መድኃኒት ቫይረሱ እንዲለምደው ዕድል ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት መፈለግ ግድ ይሆናል። ስለዚህ አትተወው።

ጸበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም የሚለው ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ታላላቅ አባቶች ደረጃ መልስ ያገኘ ነው። ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙዎች መድኃኒታቸውን በተዉበት ወቅት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መክረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ማክበርን ያስተምራል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ይላልና። አክስትህ የሚናገሩት ከፍቅር ስለሆነ በክርክር አትርታቸው፤ ንስሐ አባትህን ለምነህ እርሳቸው እንዲያስረዷቸው ብታደርግ ይቀበላሉ። በአንዳንድ የጸበል ስፍራ «ክኒን የያዘ አይጠመቅ» የሚል አስተናጋጅ ቢገጥምህ የአስተናጋጁ ቃል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለምና ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገር።

ወደ ግሽ ዓባይ መውረድህን እኛ አንከለክልህም፤ የአቡነ ዘርአ ብሩክን በረከት ፈልጎ ከሩቅ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ብቻ ከምትቆይበት ቀን የሚበልጥ ክኒን ያዝ፤ ሰከላ ደጋ ነው፣ ዝናቡም ድንገተኛ ነውና መድኃኒቱን ከራሱ ብልቃጥ አውጥተህ በወረቀት አትጠቅልለው፤ ብልቃጡን በደንብ ከድነህ በላስቲክ ጠቅልለህ ከእርጥብ ነጠላህ ለይተህ አስቀምጠው። ወደ ጸበሉ ስትገባ የሚጠብቅልህ የምታምነው ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ስለ ቁርባን የጠየቅኸው ለብዙዎች የሚጠቅም ስለሆነ ትንሽ እናብራራው። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት አንድ ክኒን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰድ ይችላል፤ ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። አንተ የምትወስደው ይኸው መሆኑን ከፋርማሲው ጠይቅ። ከሆነ፣ ሰዓትህን ወደ ቀን 6 ሰዓት ማዛወር ይቻላል። ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ትውጣለህ፤ ለቁርባን የሚጾመው 18 ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀምራል፤ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ቅዳሴው ሲያበቃ ትቆርባለህ፤ 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የዕለቱን ክኒን ትውጣለህ፤ አንድም ቀን አላለፈህም። ቅዳሴው ወደ ማታ በሚሆንበት በጾም ወራት የጥቂት ሰዓት መዘግየት ሊኖር ስለሚችል ያን ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት፤ በአዘቦት የጾም ቀን እኩለ ቀን ላይ ክኒን በውኃ ስለ መዋጥም ለሕመምተኛ የሚፈቀደውን የሚነግሩህ ንስሐ አባትህ ናቸው። ሰዓቱን የምትቀይርበትን መንገድም ባለሙያው ይምራህ እንጂ በራስህ አታድርገው።

ለመዘምራኑ መንገር ግዴታ የለብህም። በዝማሬ፣ በማዕድ፣ በአንድ ነጠላ በመሸፈን፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት የሚተላለፍ ነገር ስለሌለ ያሳሳትኸው ሰው የለም። ብቻህን መሸከም ከከበደህ ግን አንድ ሰው ምረጥ፤ ከዚህ በፊት የሌላውን ምሥጢር ሲያወጣ ሰምተኸው የማታውቀውን ሰው። በደብረ ማርቆስም በሌላ ቦታም በጤና ተቋማት አንተን መሰል ወጣቶች የሚገናኙበት ፕሮግራም መኖር አለመኖሩን ከምትታከምበት ክፍል ብትጠይቅ ይጠቅምሃል። ሌላም እንጨምርልህ፤ ከላይ የጻፉልን የቢቸና ወጣቶች ዕቅድ ሲያወጡ ከጎናቸው ሊቀመጥ የሚገባው እንዳንተ ያለው ሰው ነው። ቫይረሱን በደሙ የሚያውቀው ወጣት የጎደለበት ዕቅድ የሩቅ ሰው ዕቅድ ሆኖ ይቀራል። ማንነትህን ሳትገልጥም ቢሆን ድራማው ላይ አስተያየት መስጠት ትችላለህ፤ መዘምር አይደለህ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ሙስሊም ነኝ። በረመዳን ቀን ቀን ክኒን መዋጥ ስለማይቻል መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ደግሞም በግቢያችን ከኦርቶዶክስና ከፕሮቴስታንት ተማሪዎች ጋር በአንድነት የምርመራ ቀን እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ጀመዓችን (የሙስሊም ተማሪዎች ኅብረታችን) አመንትቷል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን መድኃኒት በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት መውሰድ ስለሚቻል ረመዳን መድኃኒት የሚያስቋርጥ ምክንያት አይሆንም፤ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ማስተካከል ይበቃል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ግን መጾም አለመጾሙን ሐኪሙንና ዓሊሙን አማክሮ ይወስን፤ ለሕመምተኛ የተሰጠ ሩኽሳ፣ ማለትም ያለመጾም ፈቃድ፣ እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ።

በአንድነት መሥራቱ መልካም ነው ብለን እናምናለን፤ ድንበሩ ግን አስቀድሞ ይለይ። ምርመራውን፣ የባለሙያ ግብዣውን፣ ድንኳኑንና ወጪውን በጋራ ያዙ፤ የሃይማኖት ትምህርቱን እያንዳንዱ ለራሱ ወገን በየቤተ እምነቱ ያስተምር። ጸሎቱን ማን ይጀምር በሚል ስብሰባችሁ እንዳይፈርስ ከወዲሁ ተስማሙ፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። በዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤዎች ዋዜማም የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች እንዲህ ለየብቻ አምነው በአንድነት የሚመክሩበት ስብሰባ ይካሄዳል። ሰልፍ ለምርመራ የተሰለፈ ሰው እንዲታይ የሚያደርግ ስለሆነ ደግሞ ድንኳኑ ከመመገቢያ አዳራሹ ፊት ባይሆን፤ ራስን በራስ መመርመሪያ ኪት በጤና ቢሮው በኩል ከተገኘም ለሚያፍር ተማሪ የተሻለ አማራጭ ነው።

ጥያቄ፦ በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ የማገለግል ዲያቆን ነኝ። በአጥቢያችን የሚጋቡ ወጣቶች የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት እንዲያመጡ ይጠየቃሉ፤ ወረቀቱንም ጽሕፈት ቤቱ ይቀበላል። በቅርቡ የሁለት እጮኛሞች ውጤት ተለያየ፤ ወንዱ ቫይረሱ አለበት፤ እርሷ የለባትም። ወሬው ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ የልጅቷ አባት ሽማግሌዎቹን መለሱ። ሁለቱ ግን አሁንም መጋባት ይፈልጋሉ። ከእኔ ምክር ሽተው መጥተዋል፤ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ከወረቀቱ እንጀምር። ከጋብቻ በፊት መመርመር መልካም ነው፤ የአገራችን ፖሊሲ ግን ምርመራ በፈቃደኝነት፣ በምክርና በምሥጢር እንዲሆን ነው የሚፈልገው። ውጤት የተጻፈበት ወረቀት በጽሕፈት ቤት መሳቢያ ሊቀመጥ አይገባውም፤ ቁልፉ የስንት ሰው እጅ እንደሚገባ እናንተው ታውቁታላችሁ። አጥቢያው ሊጠይቅ የሚችለው ሁለቱ በአንድነት ተመክረው መመርመራቸውንና ውጤታቸውን እርስ በርስ መተዋወቃቸውን ብቻ ነው፤ ይህንንም ንስሐ አባታቸው ጠይቀው ከተረዱ ይበቃል። ወጣት ዲያቆን እንደመሆንዎ ይህን ለሰበካ ጉባኤው ሲያቀርቡ የሚቆጣዎት ሊኖር ይችላል፤ አሁን የደረሰው ጉዳት ራሱ ማስረጃ ስለሆነ ስም ሳይጠሩ ቢያቀርቡት ሰሚ ያገኛሉ ብለን እናስባለን።

ወደ ጋብቻው ስንመጣ፣ ውጤታቸው የተለያየ ጥንዶች መጋባትም መውለድም ይችላሉ። በዘጠኝ አገሮች ከ1,700 በላይ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታወቀ ጥናት፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒት ቀደም ብሎ መጀመሩ ወደ ጓደኛው የመተላለፉን ዕድል በ96 በመቶ እንደቀነሰው አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። ወንዱ ገና ሕክምና የጀመረ ከሆነ ቫይረሱ እስኪዳከም ወራት ስለሚወስድ፣ እርሷ በየቀኑ የሚወሰደውን መከላከያ መድኃኒት እንዲሰጧት መጠየቅ ትችላለች፤ በአገራችን ውጤታቸው ለተለያየ ጥንዶች የሚሰጥ ነው። ልጅን በተመለከተ፣ እናት ቫይረሱ ቢኖርባትና ምንም ሕክምና ባይደረግ እንኳ ወደ ልጇ የሚተላለፈው ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል፤ በእነዚህ ጥንዶች ግን ቫይረሱ ያለበት አባት ስለሆነ እናት እስካልተያዘች ድረስ ልጁም አይያዝም።

የልጅቷን አባት ጉዳይ እርስዎ ብቻዎን አይግቡበት። በመጀመሪያ ከሁለቱ ወጣቶች ፈቃድ ይቀበሉ፤ ፈቃዳቸው ከሌለ አንድም ቃል ለማንም አይናገሩ። ከፈቀዱ፣ ከተመለሱት ሽማግሌዎች መካከል አባትየው የሚያከብሯቸውን አንዱንና ንስሐ አባታቸውን ይዘው፣ ሐኪሙ ወይም የምክር ባለሙያው ባለበት ያነጋግሯቸው፤ አባት የሚፈሩት ልጃቸው እንዳትሞትባቸው ነውና ከሽማግሌ ልመና ይልቅ የባለሙያ ማስረጃ ያረጋጋቸዋል። የሰርጉን ቀን ለመቁረጥም አይቸኩሉ፤ የልጁ የቫይረስ መጠን ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ይጠብቁ፤ በቀጠሮው ቀን አብሯቸው የሚሄድ ሰው ቢፈልጉ እርስዎ ይሂዱላቸው።